በቅጠል መርገፊያ ወራት ወደ ፕሪንስተን

ባለፈው ጥቅምት ከገዳማችን ሦስት መነኮሳትና አንድ ዲያቆን ሆነን በአሜሪካ የሚኖሩትን ምእመናን ለመጎብኘት ከኢየሩሳሌም ወጥተን ነበር። ስለ ጉባኤውና ስለ ትምህርቱ ሌሎች ጽፈዋል። እኛ እዚህ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ቀን ጉዞ ብቻ ነው። ያችን ቀን ለይተን የምንጽፍበት ምክንያት አለን፤ ከኅዳር ወዲህ ከዕቃ ቤቱ በኩል የምትሰሙት የሣጥን መንኳኳት መነሻው እርሷ ናትና።

ሐሙስ ዕለት ኪዳን አድርሰን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከዋሽንግተን ዳርቻ ተነሣን። መኪናውን የነዳልን ወንድም ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ ከዕድሜው እኩሌታውን በዚያ አገር ጎዳና ላይ በመንዳት ያሳለፈ ሰው ነው። ልጁ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በዋዜማው ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ፣ «አባቶቼ፣ ልጄ የምትማርበትን ግቢ ሳትባርኩልኝ አትሄዱም» አለን። መንገዱ ሩቅ መሆኑን፣ ጾሙንም፣ የመጻሕፍት ቤታችንን አባት እርጅናም አንሥተን ልናመካኝ ስንል ዝም ብሎ ሰማንና፣ «ብራናም አለ» አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረ አልነበረም። አባታችን መቋሚያቸውን ከማታ ጀምረው በር ላይ አስደግፈው አደሩ።

ወቅቱ እንደምታውቁት ዘመነ ጽጌ ነው። በአገራችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ምድሩ በአበባ ይሸፈናል፤ የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ እያሰብን ማኅሌቱን እንቆማለን፤ የሚጾመውም በፈቃዱ ይጾማል። እዚህ በኢየሩሳሌም ደግሞ ይኸው ወራት የወይራ ፍሬ የሚለቀምበት፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጉጉት የሚጠበቅበት ነው። በዚያ አገር ግን ቅጠል ይረግፋል። ሲነጋ በሱስኳሃና ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ በወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ደን ከላይ እስከ ታች ቀልቶ ነበርና ዲያቆናችን «እሳት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሾፌራችን ሳቀ። ሜፕል የሚባለው ዛፍ እንደ ፍም ይቀላል፤ ሌላው እንደ ደረሰ የጤፍ ማሳ ቢጫ ይሆናል፤ በመካከላቸው ጥድ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱን በኋላ የሾፌራችን ልጅ አስረዳችን፦ ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ ዛፉ አረንጓዴውን ቀለም ከቅጠሉ ይሰበስባል፤ ቢጫው ግን ያን ጊዜ የመጣ ሳይሆን ከመጀመሪያው በቅጠሉ ውስጥ ተሰውሮ የኖረ ነው፤ ቀዩ ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው። አባታችን ይህን ሲሰሙ ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

ከዋሽንግተን እስከ ፕሪንስተን 290 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ሜሪላንድንና ደላዌርን አቋርጦ በደላዌር ወንዝ ላይ ባለው ረጅም ድልድይ ወደ ኒው ጀርሲ ይገባል። ስለዚህ መንገድ ብዙ የምንለው የለም፤ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ በየጥቂቱ ገንዘብ ያስከፍላል። በአንድ ማረፊያ ቦታ ወርደን ዲያቆኑ ወተት የሌለበት ቡና ጠጣ። አባታችን መንገደኛ ናቸውና ቢቀምሱ ምን ይሆናል ብለን ብንለምናቸው፣ «መንገደኛስ እመቤታችን ነበረች፤ እኔ ተሳፋሪ ነኝ» አሉን። ዳቦ ቆሎው እስከ 9 ሰዓት በከረጢቱ ቆየ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ከተማዪቱ ትንሽ ናት። በአንድ ዋና ጎዳና ግራ ሱቅና ቡና ቤት፣ ቀኝ ዩኒቨርሲቲው አለ። ልጅቱ ነጠላዋን ለብሳ በብረቱ በር አጠገብ ትጠብቀን ነበር። መስቀል ተሳልማ ቀና ስትል፣ «አባ፣ አማርኛዬ ጥሩ አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ያለችው በጥሩ አማርኛ ነበር።

ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1746 የኒው ጀርሲ ኮሌጅ ተብሎ ተቋቋመ። መጀመሪያ በኤልዛቤት፣ ቀጥሎ በኒውአርክ ከተማ ቆይቶ በ1756 ወደ ፕሪንስተን ተዛወረ፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1896 ነው። ሲዛወር የነበረው ሕንፃ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ናሳው ሆል ይባላል፤ ቡናማ ድንጋይ፣ በላዩ ሐረግ የሚሳብበት፣ ጉልላት ያለው። መማሪያውም፣ ማደሪያውም፣ መመገቢያውም፣ መጸለያውም በዚያ ጣሪያ ሥር ነበር። ገዳም ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለምና ወዲያው ወደድነው። በ1777 መጀመሪያ በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮች መሽገውበት መድፍ ተተኩሶበታል። በ1783 የአዲሲቱ አገር ሸንጎ ለአራት ወር ያህል በዚያው ተቀምጧል። በ1802ና በ1855 ውስጡ በእሳት ነደደ፤ ግድግዳው ግን ቆመ። ከደጃፉ ግራና ቀኝ ሁለት የነሐስ ነብሮች ተቀምጠዋል። ቀድሞ በዚያ ቦታ አንበሶች ነበሩ፤ ነብር የትምህርት ቤቱ ምልክት ስለ ሆነ በ1911 ተለወጡ። ዲያቆናችን በዚህ አዝኗል፤ እኛም ከኢትዮጵያ እንደ መጣ ሰው ለአንበሶቹ አደላን።

ስለ ብረቱ በር የሚነገር ወግ አለ። ፊትዝራንዶልፍ በር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ለትምህርት ቤቱ መሬት ከሰጠው ሰው ነው። ከመመረቁ በፊት በዚያ በር ወደ ውጭ የሚወጣ ተማሪ አይመረቅም ይላሉ። ልጅቱም እየሳቀች፣ ነገር ግን በጎን በኩል ዞራ ነበር የምትወጣው። ዲያቆናችን ድጓ ተማሪ ነውና፣ «አባታችን፣ ይህ የዜማ ተማሪንም ይይዛል?» ብሎ ጠየቀ። አባታችን ዞር ብለው ሳያዩት፣ «አንተ በየትኛውም በር ውጣ፤ ጾመ ድጓውን ገና አልወጣኸውም» አሉት።

ሳቁ ብዙም አልቆየም። ከናሳው ሆል አጠገብ የቀድሞ የኮሌጁ አስተዳዳሪዎች የኖሩበት ቢጫ ቤት አለ፤ በፊቱ ሁለት እጅግ ያረጁ ዛፎች ቆመዋል። በእንግሊዝኛ ሲካሞር ይሏቸዋል። በኢያሪኮ ለተሳላሚ ከምናሳየው ዘኬዎስ ከወጣበት ሾላ ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኙም፤ ቅርፊታቸው እየተላጠ ነጭ ሆኖ ይታያል። ልጅቱ በዚያ አቆመችን። በነሐሴ 1766 አስተዳዳሪው ከሞተ በኋላ ከንብረቱ ጋር ስድስት ባሪያዎች በዚያ ቤት ለሽያጭ መቅረባቸውን ነገረችን። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ አስተዳዳሪዎች ሁሉም በዕድሜያቸው በአንዱ ወይም በሌላው ጊዜ የባሪያ ጌቶች ነበሩ። ይህን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ የገለጹት የራሱ የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ከእነዚያ አስተዳዳሪዎች የሚበዙት የወንጌል ሰባኪዎች መሆናቸውን ስትነግረን ከመካከላችን አንዱ መስቀሉን ይዞ ዝም አለ። በአገራችንም የሰው ልጅ መሸጥና መለወጥ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት እንደ ነበር እናውቃለን፤ ስለዚህ ድንጋይ የምናነሣበት እጅ አልነበረንም። ቅጠሉ በላያችን ይረግፍ ነበር። አባታችን ስለ እነዚያ ስድስት ነፍሳት አቡነ ዘበሰማያት ደገሙና ሄድን።

የዩኒቨርሲቲው ጸሎት ቤት በ1928 የተጠናቀቀ፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ፣ ሁለት ሺህ ሰው ያህል የሚይዝ ትልቅ የድንጋይ ሥራ ነው። የመስኮቱ ባለ ቀለም መስታወት ያምራል። ነገር ግን ልባችን ቀድሞን ሄዶ ነበርና በጥድፊያ አለፍነው።

ፋየርስቶን የሚባለው ቤተ መጻሕፍት በ1948 የተከፈተ ሲሆን መጻሕፍቱን የሚያኖረው በአብዛኛው ከምድር በታች ነው። ልጅቱ ቀጠሮውን ከሁለት ሳምንት በፊት አስይዛልን ነበር። ስማችንን አስመዘገብን፤ ከረጢቶቻችንን በሣጥን ቆለፍን፤ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። እጃችሁን ታጠቡ ተባልን። ጓንት ይሰጡናል ብለን ጠብቀን ነበር፤ ነገር ግን ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ብራናውን ለመቅደድ ያጋልጣል፣ ንጹሕ እጅ ይሻላል አሉን። አባታችን እጃቸውን ታጥበው ጫማቸውንም ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ። ዲያቆኑ በጭንቅ አስተዋቸው።

መጻሕፍቱ እስኪመጡ ድረስ እንዴት ወደዚያ እንደ ደረሱ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ከእኛ ደጅ የሚያልፍ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1899ና በ1900 አንድ የአሜሪካ የጥንት ታሪክ ጥናት ቡድን ወደ ሶርያ መጥቶ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ሮበርት ጋሬት ይባላል፤ የፕሪንስተን ተማሪ ሳለ በ1896ቱ የአቴና ኦሊምፒክ በዲስከስና በአሎሎ ውርወራ ያሸነፈ ነው። ሌላው ኤኖ ሊትማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ ነበር። ሊትማን በዚያው ጉዞ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በኢትዮጵያውያን ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት አይቶ ስለ እነርሱ ጽፏል፤ ጽሑፉም በ1902 ታትሟል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1905፣ በፕሪንስተን ስም ወደ ኤርትራ ተጉዞ በመንሳዕ ሕዝብ ዘንድ የትግረን ቋንቋ አጥንቷል፤ ብራናም ሰብስቧል። ወዲያውም የጀርመንን የአክሱም ጉዞ መርቷል። ጋሬት ደግሞ በዕድሜው ሙሉ ከብዙ አገር የብራና መጻሕፍትን ሲገዛ ኖሮ ስብስቡን በ1942 ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ዛሬ በዚያ ቤት በመቶዎች የሚቆጠሩ የግእዝ ጽሑፎች አሉ። እንግዲህ የእኛን አባቶች መጻሕፍት በመብራት ያነበበ ሰው ነው ለዚያ ቤት የግእዝን በር ከከፈቱት አንዱ።

መጀመሪያ የቀረበልን ጥቅልል ነበር፤ ደብተራዎች ለሕሙማን ይጽፉት የነበረ ክታብ። አባታችን ከላይ ያለውን ሥዕል አይተው፣ «ይህን እንኳ መልሱት» አሉ። ልጅቱ እንዴት ብላ እንደ ተረጎመችው አናውቅም፤ የመጻሕፍቱ ጠባቂ ግን ፈገግ ብላ ጠቀለለችው። ቀጥሎ ተአምረ ማርያም መጣ።

በለስላሳ ትራስ ላይ አስቀመጡት። ሽፋኑ እንጨት ነው፤ ቆዳው ተልጧል። ጠርዙ እንደ እኛዎቹ ሁሉ በጣት ቅባት ጠቁሯል። አባታችን ተነሡ። እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ልሳለመው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ቀላች፤ ተረጎመችው። ጠባቂዋ ጥቂት አሰበችና የከንፈር እርጥበት ቀለሙን እንደሚጎዳ በትሕትና ነገረቻቸው። ከዚያም ገጾቹን ቀስ እያለች ገልጣ የእመቤታችን ሥዕል ያለበትን አሳየቻቸው። ልብሱ፣ መልአኩ፣ ወርቃማው ጀርባ ሁሉ እንዳለ ነው፤ የእመቤታችን ፊት ግን ከመሳም ብዛት ተፍቆ ብራናው ብቻ ቀርቷል። «አባቶችዎ ከዚህ በፊት ስመውታል» አለች ልጅቱ የሴትዮዋን ቃል ስትመልስ፤ «ለእኛ መጽሐፉ ከተወደደበት ገጽ ይህ አንዱ መሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው»። አባታችን ሦስት ጊዜ ሰገዱ። መጽሐፉን በከንፈራቸው አልነኩትም።

ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። በመጀመሪያ በለሆሳስ ነበር፤ በኋላ ግን የልማዳቸው ዜማ መጣ። ተአምረ ማርያም ሲነበብ እኛ ቁጭ አንልም፤ ሁለታችንም ዲያቆኑም ተነሣን፤ ልጅቱም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ማዶ ተቀምጦ ሌላ መጽሐፍ ያነብ የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ግራ ገብቶት እርሱም ተነሣ። ይህ መጽሐፍ በዓፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በልጃቸው በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሆኖ፣ ከስድስት መቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ጆሮ ሳይለየው የኖረ ነው። ይህኛው ቅጂ ግን ስንት ዓመት ዝም ብሎ እንደ ቆየ ማሰብ አልቻልንም። አንድ ተአምር ፈጽመው ቆሙ። ልጅቱን ጠሩና በቀይ ቀለም ወደ ተጻፈው ቃል አመለከቷት። ፊደል በሰንበት ትምህርት ቤት ቆጥራለች፤ ነገር ግን የቁም ጽሕፈቱ ከመጽሐፍ ኅትመት ይለያልና ደነገጠች። «ማ» አለች። ቆየች። «ማርያም» አለች። «ሌላም አለ፤ ፈልጊ» አሏት። በዚያ ገጽ ሰባት ጊዜ አገኘችው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዌንዲ ቤልቸር የሚመሩት አንድ የጥናት ሥራ አለ። በልጅነታቸው በጎንደር የኖሩ ናቸው። ከሺህ የሚበልጡ የእመቤታችንን ተአምራት ከየአገሩ ብራና እየለቀሙ መዝግበዋል፤ የትኛው ተአምር በየትኛው መጽሐፍ እንዳለ ከየትም ሆኖ መፈለግ ይቻላል። ይህን ስንሰማ ደስታና ሌላ ስም ያልሰጠነው ነገር አብረው ተሰሙን።

ስንመለስ ያ ሁለተኛው ነገር በመኪናው ውስጥ ወጣ። ከመካከላችን ወጣቱ መነኩሴ፣ «ብራናው የማነው?» አለ። በመጨረሻው ገጽ የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም ተጽፎበት፣ ያም ሁለተኛው ደብዝዞ አይተን ነበር። የሰረቀውን፣ የፋቀውን የሚያወግዘው የተለመደው ቃል ግን ከበታቹ በደንብ ይነበብ ነበር። መጻሕፍት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ወደ ለንደን በጦር ተጭነው የሄዱ አሉ። በገበያ የተሸጡም፣ በስጦታ የተሰጡም አሉ። ከዚህ ከኢየሩሳሌምም ወጥተዋል፤ ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ላለው ማኅበር የላኩት የሲኖዶስ መጽሐፍ ዛሬ ያለው በቫቲካን ነው። ወጣቱ ወንድማችን ይመለሱ ባይ ነው፤ ቃሉም ጽኑ ነበር። ሾፌራችን በመስታወቱ እያየ፣ «አባ፣ ልጄ ግን ያነበበችው እዚያ ስላለ ነው» አለ። ይህ መልስ አይደለም፤ በደንብ መያዝ የባለቤትነትን ጥያቄ አይዘጋውም፤ አደራ የያዘ ሰው አደራውን በማሳመሩ ባለቤት አይሆንም። ይሁን እንጂ ወጣቱም ለጊዜው ዝም አለ።

የደላዌርን ድልድይ ካለፍን በኋላ ነው አባታችን የተናገሩት። ዳቦ ቆሎውን በእጃቸው ይዘው ነበር። በአገር ቤት በአንዲት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የቆሎ ተማሪ ሳሉ ዕቃ ቤቱን እንዲጠብቁ ታዘዙ። በሐምሌ አንድ ሌሊት ጣሪያው አፈሰሰ። ማሰሮውን ከሚንጠባጠበው ሥር አድርገው ተኙ፤ ማሰሮው ሞልቶ መፍሰሱን የሰሙት በእንቅልፋቸው ነበር። ጠዋት ሲነሡ ማኅደሩ ውስጥ ያለው መዝሙረ ዳዊት ከወገቡ በታች አብጦ ገጾቹ አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ለመምህራቸው አልነገሩም። መጽሐፉን ከሌሎች ሥር ደብቀው አኖሩት፤ በዓመቱ ከዚያ ደብር ሄዱ። «ከዚያ ወዲህ 60 ዓመት ሆነ» አሉ፤ «ዛሬ ያቺ ሴት ትራሱን ስታስተካክል እርሱን አየሁት»። የተናገረ አልነበረም። ሾፌራችን ብቻ የመኪናውን ሙቀት ከፍ አደረገ። መሽቶ ስለ ነበር ቀዩ ደን አይታይም ነበር።

በቁስቋም ዋዜማ ወደ ገዳማችን ተመለስን፤ የመጀመሪያው ዝናብም በዚያው ሳምንት ወረደ። በማግስቱ አባታችን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ጠየቁ። ከታችኛው ክፍል ያሉት ሣጥኖች ከስንት ዘመን ጀምሮ እንዳልተከፈቱ የሚያስታውስ አልተገኘም፤ በመዝገብም የሰፈሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ወጣቱ ወንድማችን ሣጥን ይሸከማል፤ ዲያቆኑ በእርሳስ ይጽፋል፤ አባታችን ደረቅና ነጭ ጨርቅ ላይ እያስቀመጡ ገጽ ይቆጥራሉ። እስከ አሁን ከሁለት ሣጥኖች 31 መጻሕፍት ወጥተዋል፤ አራቱ እርጥበት ነክቷቸዋል፤ አንዱን ምስጥ ጀምሮታል። ከተሳላሚዎች መካከል በብራና ጥገና የሠለጠነ ወይም በካሜራ ገጽ ማንሣት የሚችል ካለ ከሠርክ ጸሎት በኋላ በዕቃ ቤቱ በር ቢጠይቀን ደስ ይለናል። ንጹሕና ያልተነከረ ነጭ የጥጥ ጨርቅም ያስፈልገናል። ልጅቱ በየሳምንቱ ከፕሪንስተን ትደውልልናለች፤ ዲያቆኑ የሚያነሣውን ገጽ በስልክ ስትቀበል ቀዩን ቃል እየቆጠረች ትልካለች።

ሦስተኛው ሣጥን ገና አልተከፈተም። ቁልፉ ዝጎ ከማንጠልጠያው ጋር ተያይዟል። አንጥረኛ ለሰኞ ጠርተናል።